ክሊፍ በትያትር ቤት የጮኸ ዕለት

ወንድሜ ክሊፍ ማርስደን ሲቆጣ ድምፁ ሦስት መንገድ ይሻገራል። ሥራው ነው እንዲህ ያደረገው። ዕድሜውን ሙሉ ጣሪያ ላይ ቆሞ ታች ላለው ሰው «ገመዱን ሳብ! መሰላሉን ያዝ!» እያለ የኖረ ሰው፣ መሬት ሲወርድ ድምፁን የት ያስቀምጠው? የእንግሊዟ ከተማችን ባርንስሊ ውስጥ ያ ሁሉ ዝናብ ዘንቦ ቤቱ ጠብ ያላለበት ሰው ካለ ጣሪያውን የሠራለት ክሊፍ ነው። ከክሊፍ ጋር ተጣልቶ የማያውቅ ሰው ካለ ደግሞ ገና አልተዋወቁም ማለት ነው። ከቄሱ ጋር ተጣልቷል፣ ከፖስተኛው ጋር ተጣልቷል፣ በገዛ ሠርጉ ቀን ኬክ ካመጣው ሰውዬ ጋር ተጣልቶ ኬኩ ሳይቆረስ ተመልሶ ሄዷል። ሚስቱ ልጃቸው ገና ስትድህ ጥላው ሄደች። ለምን ሄደች ብሎ የጠየቀ ጎረቤት አልነበረም።

እኔ ታላቅ እህቱ ጆይስ ነኝ፤ ገበያው ውስጥ የመጋረጃ ጨርቅ እሸጣለሁ። ቁጣ በእኛ ቤት የዘር ነው። ልዩነታችን፣ እሱ ወዲያው ያፈነዳዋል፣ እኔ ይዤው እከርማለሁ። ይህንንም የምጽፈው ይዤው ስለከረምኩ ነው። ዓመት አለፈው፤ አሁንም በዚያ ትምህርት ቤት በር ባለፍኩ ቁጥር አንጀቴ ቅጥል ይላል።

ልጁ ኬሲ በማን እንደወጣች እንጃ፣ ዝምተኛ ናት። ስትናደድ ፊቷ ይቀላል እንጂ ቃል አይወጣትም ነበር። ክሊፍ ብቻውን አሳደጋት። ፀጉር መጎንጎን ከእኔ ተማረ፤ የመሰላል ገመድ የሚያስር ይመስል አጥብቆ ስለሚጎነጉናት ልጅቷ ቅንድቧ ሽቅብ ተስቦ ነበር የምትውለው። ግን አንድ ቀን እንኳ ሳትበላ ወይም ቆሽሻ ትምህርት ቤት አልሄደችም። በእሷ ምክንያት ከግማሹ ከተማ ጋር ተጣልቷል፣ ከእሷ ጋር ግን ተጣልቶ አያውቅም ነበር።

ኬሲ የምትፈልገው አንድ ነገር ነው፦ የመድረክ መብራት ባለሙያ መሆን። የሚስቅ ካለ ይሳቅ። ትንሽ ልጅ ሳለች በየገናው ወደ ሠራተኞች ክበብ ወስደን ፓንቶ የሚሉትን የገና አስቂኝ ትያትር ስናሳያት፣ ሌላው ልጅ ተዋናዮቹን ሲያይ እሷ ሽቅብ አንጋጣ መብራቱ ከቀይ ወደ ሰማያዊ ሲለወጥ ነበር የምታየው። ጎረቤት ከተማ ሼፊልድ ውስጥ ይህንኑ የሚያስተምር ኮሌጅ አለ። ኮሌጁ ደግሞ የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ፈተና ያላለፈ ተማሪ አይቀበልም። እንግዲህ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው። ፈተናው ላይ ካልተቀመጠች ኮሌጅ የለም፣ መብራት የለም፤ ከእኔ ጋር ገበያ ቆሞ መጋረጃ መለካት ነው።

ትምህርት ቤቱ ልጆቹን ጎበዝ ከሚላቸው እስከ ደካማ ከሚላቸው በአምስት ምድብ ይከፍላቸዋል። ኬሲ አምስተኛው ውስጥ ናት። የዚያ ዓመት የፈተና መጽሐፍ አንድ የጥንት አሳዛኝ ተውኔት ነበር፤ ከአራት መቶ ዓመት በፊት የተጻፈ፣ መጨረሻው ላይ የሚተርፍ ሰው የሌለበት ዓይነት። ለአንደኛው ምድብ መጽሐፉ ተሰጠው። ለአምስተኛው ምድብ ካርድ ተሰጠው። ካርዱ ፊት ላይ አንድ ከባድ ቃል፣ ጀርባው ላይ ትርጉሙ። በየክፍለ ጊዜው መጀመሪያ ልጆቹ ይነሣሉ፣ እጃቸውን ወደ ኋላ ያጣምራሉ፣ መምህርቷ ካርዱን ከፍ ታደርጋለች፣ እነሱ በአንድ ድምፅ ይሉታል። «ነጣቂ! ያለ ሕጋዊ መብት ዙፋን የያዘ ሰው!» «ትዕቢት! ጀግናውን ለውድቀት የሚያበቃ ከልክ ያለፈ በራስ መተማመን!» ከትርጉሙ አንዲት ቃል ያጎደለ ተሳስቷል።

መምህርቷ ወጣት ናት፣ የታዘዘችውን ታደርጋለች። አዛዡ ምክትል ርእሰ መምህሩ ሚስተር ታክሬይ ነው። እስከ ፋሲካ ድረስ የቃላቱን ጥያቄ ያላለፈ ልጅ ስሙ ከሥነ ጽሑፍ ፈተና እንዲወጣ ደንብ ያወጣውም እሱ ነው። «ለልጆቹ ለራሳቸው ጥቅም ነው» ይላል። ጥቅም! ልጆቹ ወድቀው የትምህርት ቤቱን ውጤት እንዳያወርዱበት ነው እንጂ ምን ጥቅም አለው? ይህን ባሰብኩ ቁጥር የያዝኩትን መቀስ አጥብቄ እጨብጣለሁ።

የካቲት ውስጥ አንድ እሑድ ወጥ ቤታቸው ተቀምጠናል። የበግ ጥብሱንና ድንቹን በልተን ሳህኑን ወደ ጎን ገፋ አድርገን ሻይ ይዘናል። ክሊፍ ካርዶቹን ከፊቱ ደርድሮ ኬሲን ይጠይቃታል። መነጽር አላደርግም ስለሚል ካርዱን ክንዱ እስከሚደርስበት አርቆ ነው የሚያነበው።

«የመድረክ ምፀት» አለ።

ኬሲ ዓይኗን ጨፈነች። «ገጸ ባሕርዩ የማያውቀውን መረጃ ተመልካቹ አስቀድሞ እንዲያውቅ በማድረግ... በማድረግ...»

«በማድረግ ምን?»

«ጠፋኝ አባዬ።»

«ለመሆኑ ምን ማለት ነው?»

«እሱን እኮ ነው የምልህ።»

«አይደለም። እየሸመደድሽ ነው የምትይኝ። ምን ማለት ነው?»

ኬሲ ዓይኗን ገለጠች። «እንጃ።»

«ትያትሩ ውስጥ የቱ ጋ ነው ያለው?»

«ትያትሩን አላነበብነውም።»

ክሊፍ ካርዱን ጠረጴዛው ላይ ቀስ አድርጎ አስቀመጠ። ቀስ ሲል ነው መሸሽ። «ምን አልሽ?»

«ቃላቱን ስንጨርስ እናነባለን ተብሏል። እስከዚያ ቁርጥራጭ ነው የሚሰጡን።»

«ቁርጥራጭ!» ውሻው ከጠረጴዛው ሥር ወጥቶ ወደ ጓዳ ሄደ። «ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይሄ አይደል! እኔ ተለማማጅ ሆኜ ስገባ፣ የመዶሻውን ስም ሳትሸመድድ ጣሪያ አትወጣም ያለኝ ሰው አለ? የመጀመሪያው ቀን ነው ያወጡኝ! እግሬ እየተንቀጠቀጠ ነው የተማርኩት! እነዚህ ሰዎች ምን ነክቷቸዋል?»

«ክሊፍ፣ ድምፅህን» አልኩት።

«ድምፄ ምን ሆነ?»

«ጎረቤት ምፀት ምን እንደሆነ እንዲማር ካልፈለግህ ቀንስ።»

ኬሲ ሳቀች። እሱም ሳቀ፣ ግን ጥርሱን ነክሶ ነው የሳቀው። በማግስቱ ገበያው በር ላይ የትያትር ማስታወቂያ አየሁ። ያው ተውኔት ነው፤ ቅዳሜ ከሰዓት ሼፊልድ ይታያል። ለክሊፍ ነገርኩት። ምነው ምላሴን በቆረጠው ያልኩት በኋላ ነው።

ቅዳሜ ዕለት ክሊፍ የቀብር ሱፉን ለበሰ፤ ሌላ ሱፍ የለውም። የእንቁላል ሳንድዊች በቦርሳ ይዞ፣ «እረፍት ላይ እንበላለን» እያለ በባቡሩ ውስጥ እንደ ልጅ ሲቁነጠነጥ ነበር። እዚህ ላይ አንድ ነገር ማወቅ አለባችሁ። ወንድሜ በሕይወቱ ያየው ትያትር ፓንቶ ብቻ ነው። አባታችን በየገናው ክበቡ ውስጥ ከፊት ወንበር ያስቀምጠን ነበር። ፓንቶ ላይ ዝም ብሎ ማየት ነውር ነው። ክፉው ሰውዬ በእግሩ ጣት እየተራመደ ከደጉ ሰውዬ ጀርባ ሲመጣ፣ አዳራሹ በሙሉ «ከኋላህ ነው!» ብሎ የመጮህ ግዴታ አለበት። ደጉ ሰውዬ «የት?» ብሎ ወደ ተሳሳተው ጎን ይዞራል፣ እኛ ጉሮሯችን እስኪዘጋ እንጮኻለን። በእኛ አገር ልጅ በእግሩ ከመሄዱ በፊት ይህን መጮህ ይችላል። ዝም ያለ ልጅ ካለ እናቱ ግንባሩን ትዳስሳለች።

ትያትር ቤቱ ገብተን ወንበራችን ላይ ልንቀመጥ ስንል ኬሲ ቆም አለች። ፊቷ ቀላ። ከፊታችን ያሉት ረድፎች ላይ ሚስተር ታክሬይ ተቀምጧል፤ ግራና ቀኙን የትምህርት ቤቱ ልጆች ሞልተውታል።

«እነማን ናቸው?» አለ ክሊፍ።

«አንደኛው ምድብ።»

«እናንተስ?»

«አልተነገረንም።»

መጽሐፉን የሰጧቸውን ልጆች ተውኔቱንም ሊያሳዩአቸው አመጧቸው። ካርድ የሰጧቸውን ልጆች ቤት ትተዋቸዋል። ለጠገበ ማጉረስ የሚሉት ይሄ ነው። የክሊፍ መንጋጋ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ ክንዱን ያዝኩት።

መብራቱ ጠፋ፣ መጋረጃው ተከፈተ። እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ላይ ግማሹ አልገባኝም። ክሊፍ ግን ገባው። አንድ መስፍን አለ፤ ደግ ነው፣ ነገር ግን ቁጡ ነው። የሚመክሩትን ሁሉ እየጮኸ ያባርራል፣ ልጁን ሳይቀር አባረራት፤ አብሮት የቀረው ከማዕዱ የሚበላ አንድ ወዳጁ ብቻ ነው። ወዳጅ የተባለው ደግሞ ዙፋኑን ይፈልገዋል። ይህን እኛ ሁላችን እናውቃለን፤ መስፍኑ ብቻ አያውቅም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው።

«ሞኝ» አለ ክሊፍ በሹክሹክታ። «ሁሉም ነገሩት እኮ። አልሰማ አለ እንጂ።»

ቀስ በቀስ ወደ ወንበሩ ጫፍ ተጠጋ። መስፍኑ ጸጸት ገብቶት ተቀመጠና ለልጁ ደብዳቤ መጻፍ ጀመረ። «ተመለሽ» ብሎ ነው የሚጽፈው። ከጀርባው ያለው መጋረጃ ተንቀሳቀሰ፤ ወዳጁ ጩቤ ይዞ በእግሩ ጣት እየተራመደ ወጣ።

ወንድሜ ተነሣና ቆመ።

«ከኋላህ ነው!» አለ። ያ ጣሪያ ላይ የኖረ ድምፅ! «ከኋላህ ነው አንተ ሰውዬ! ዙር!»

ብዕሩ ቆመ። ጩቤውም ቆመ። ተዋናዮቹ ለቅጽበት እንደ ፎቶግራፍ ደርቀው ቀሩ። ከዚያ ከፊታችን ሳቁ ፈነዳ፤ የአንደኛው ምድብ ልጆች ወንበራቸው ላይ ተጣጠፉ። ሚስተር ታክሬይ ዞር ብሎ አየን። አልሳቀም፤ ምነው በሳቀ። አንድ ጊዜ ክሊፍን፣ አንድ ጊዜ ኬሲን አየና፣ «ታዲያ ከእነዚህ ምን ይጠበቃል» የሚል ፊት አሳይቶን ተመለሰ። መድረኩ ላይ ጩቤው ወረደ። ክሊፍ ወንበሩ ላይ ዘጭ አለ።

«ነገርኩት እኮ» አለኝ። ዓይኑ እንባ ሞልቷል። «እቴ፣ ነገርኩት እኮ።»

የትያትር ቤቱ አስተናጋጅ ጎንበስ ብላ መጣች፣ «ጌታዬ፣ እባክዎን ውጭ ትንሽ አየር ቢቀበሉ» አለችው። በትሕትና ሲያባርሩን እንዲህ ነው። እሱና እኔ ወጣን። ኬሲ ከእኛ ጋር ተነሥታ ነበር፤ መተላለፊያው ላይ ግን ተለየችንና ከኋላ፣ መብራቱን የሚያዙት ሰዎች ከተቀመጡበት አጠገብ ግድግዳ ተደግፋ ቆመች። ያባረራት የለም። እስኪያልቅ እዚያ ቆማ አየችው። እኛ በካፊያው ውስጥ ሳንድዊች ይዘን ውጭ ቆየን፤ ማናችንም አልበላንም።

ስትወጣ ክሊፍ ተጠጋትና፣ «መጨረሻው ምን ሆነ? ልጅቷ ደብዳቤው ደረሳት?» አላት።

በዚያው ሰዓት የአንደኛው ምድብ ልጆች ወደ አውቶቡሳቸው ሲያልፉ፣ አንዱ እጁን አፉ ላይ አድርጎ «ኬሲ! ከኋላሽ ነው!» አለ። ሌሎቹ ተቀበሉት። ኬሲ እስኪርቁ ጠበቀች።

«አንድ ቀን» አለች። «አንድ ቀን እንኳ ዝም ማለት ያቅትሃል? እነሱ እኛን እንዲህ እንደሚያስቡን ታውቃለህ? አሁን ልክ ናቸው። አንተ ልክ አደረግኻቸው።»

«የኔ እናት፣ እኔ እኮ ሰውዬው...»

«ሰውዬው ተዋናይ ነው! ማታ ቤቱ ይገባል! እናቴም ለዚህ ነው የሄደችው።»

ልጅ እንዲህ ብላ አባቷን ትናገራለች? ትናገራለች። ደግሞ እውነቷን ነበር፤ እኔ ራሴ ስንት ዓመት አስቤው አፌ ላይ የቀረ ነው። ያም ሆኖ በጥፊ ላጮላት እጄን በላኝ። እሱንም እንዲሁ። ክሊፍ በባቡሩ ውስጥ መስኮቱን እያየ ሄደ። ቤት ስንደርስ ሱፉን አወለቀና ያለ ቦታው አጣጥፎ ወንበር ላይ ጣለው።

ከዚያ በኋላ በትምህርት ቤቱ ኮሪደር ኬሲ ያለፈችበት ሁሉ «ከኋላሽ ነው!» ሆነ። ለምሳ ስትሰለፍ፣ ቦርሳዋን ስታነሣ፣ ሽንት ቤት ስትገባ። አስተማሪ ሰምቶ ዝም አለ። ልጅቷን ቃል ካጎደለች የሚቀጣ ትምህርት ቤት፣ ይህን ሲሰማ ጆሮው ተደፈነ። ኬሲ ከአባቷ ጋር አትነጋገርም። ካርዱን ይዛ ወደ እኔ መደብ ትመጣለች፤ በደንበኛ መካከል እየጠየቅኳት መጋረጃ እቆርጣለሁ። ሁሉንም ያዘች። አንዷ ብቻ፣ የመድረክ ምፀት፣ መሐል ላይ ስትደርስ ትጠፋባታለች።

የፋሲካ ዕረፍት ሳይደርስ ሚስተር ታክሬይ ራሱ ጠየቃት፣ ቢሮው አስቁሞ። የሆነውን ኬሲ እንደነገረችኝ ነው የምናገረው። ካርድ እያነሣ ሄደ፣ እየመለሰች ሄደች። ያቺ ካርድ መጣች። ኬሲ ዓይኗን ጨፈነች፤ የካርዱ ጀርባ አልመጣላትም። የመጣላት አባቷ ነው።

«ሊገድለው ከኋላው ቆሟል» አለች። «እኛ እናያለን፣ እሱ አያይም። ብንጮህ እንኳ አይሰማንም። እያወቅን ማዳን አለመቻላችን ነው የሚያቃጥለው።»

«ካርዱ እንዲህ አይልም» አለ ሚስተር ታክሬይ።

«ግን እሱ ነው።»

«ካርዱ እንዲህ አይልም፣ ኬሲ። ይሄ ከቤተሰብሽ የተማርሽው ይሆናል። ትያትር እንዴት እንደሚያዩ አይተናል እኮ።» ካርዱን ከሌሎቹ ለይቶ አስቀመጠው። «ስምሽን ከፈተናው አወጣዋለሁ። ለራስሽ ጥቅም ነው።»

ይህን ወጥ ቤት ተቀምጣ ስትነግረኝ ክሊፍ ከሥራ ገብቶ በሩ ላይ ቆሟል፣ አላየነውም። ሰምቶ ጨረሰ። የሥራ ጫማውን እንዳደረገ፣ ትከሻው ላይ የጣሪያ አቧራ እንዳለ ዞሮ ወጣ።

«አባዬ!» አለች ኬሲ። ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ ስትጠራው የመጀመሪያዋ ነበር። እሱ መንገዱ ጥግ ደርሷል። እኔ ካፖርቴን አንድ እጅ አግብቼ፣ እሷ በካልሲ፣ ተከተልነው።

የዚያን ዕለት ከሰዓት ወላጆች አስተማሪ የሚያነጋግሩበት ቀን ነበር። መግቢያው ላይ ሰው ተሰልፏል፤ እኛ አገር ለሞትም ቢሆን ይሰለፋል። ክሊፍ ሰልፉን አልፎ የእንግዳ መቀበያውን መስታወት መታ፤ ያለ ሰልፍ የገባ ሰው ከወንጀለኛ ስለማይለይ ሁሉም ዝም ብሎ አየው። ከመስታወቱ በላይ «ሠራተኞቻችን ላይ የሚጮህ ሰው ከግቢው እንዲወጣ ይደረጋል፣ ሁለተኛም አይገባም» ተብሎ ተለጥፏል። ሚስተር ታክሬይ ወጣ። መዛነፍ የማያውቅ ክራባት፣ የታጠፉ እጆች።

«ሚስተር ማርስደን። እንዴት ልርዳዎት?»

«ልጄን አስፈትናት።»

«ውሳኔው ተወስኗል።»

«ስህተት ነው።»

«ድምፅዎን ባይጨምሩ ጥሩ ነው» አለ ሚስተር ታክሬይ። ክሊፍ ገና ድምፁን አልጨመረም ነበር። ሚስተር ታክሬይ ግን ሲናገር ዓይኑን ከክሊፍ ትከሻ በላይ ላከ። ዞር ብዬ አየሁ። የግቢው ጠባቂ ትሬቨር በጎን በር ገብቶ ከወንድሜ ጀርባ ቆሟል፤ በሩን በእግሩ ከፍቶ ይዞ፣ እጁን አዘጋጅቶ። ያን ጊዜ ሁሉ ነገር ገባኝ። ታክሬይ የሚፈልገው ጩኸቱን ነው። ክሊፍ አንዴ ከጮኸ ነገሩ አለቀ፤ የኬሲ ጉዳይ ይቀርና እንደ ሰካራም ተጎትቶ የወጣ አባት ጉዳይ ይሆናል፣ ያ ሁሉ ወላጅ ምስክር ነው። ሰልፉ በሙሉ ያያል። እኔ አያለሁ። ወንድሜ ብቻ አያይም። አንገቱ ላይ ያለው ሥር ተነፍቷል፣ ደረቱ አየር እየሳበ ነው፤ ያን አየር አውቀዋለሁ።

ክንዱን ልይዝ እጄን ዘረጋሁ።

«ከኋላህ ነው!»

ኬሲ ናት። ያቺ ዝምተኛ ልጅ! ድምፁ ከየት እንደወጣ እንጃ፤ መስታወቱ ነዘረ። «ከኋላህ ነው አባዬ! ዙር!»

ክሊፍ ዞረ። ትሬቨርን አየው። ትሬቨር ፊቱ ቀላ፤ የቤቱን ጣሪያ ባለፈው መኸር የሠራለት ክሊፍ ነው። ከዚያ ክሊፍ ቀና ብሎ ማስታወቂያውን አየ፣ ሚስተር ታክሬይን አየ፣ በካልሲ የቆመችውን ልጁን አየ። የሳበውን አየር ቀስ ብሎ ተነፈሰው። ግድግዳው ጥግ ካሉት ትንንሽ የፕላስቲክ ወንበሮች አንዱን ስቦ ተቀመጠ፤ ጉልበቱ ደረቱ ጋ ደረሰ።

«አልጮህም» አለ። እንደዚያ ዝግ ብሎ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። «ልጄ ትያትሩን አይታዋለች። ጠይቃት። እስክትጠይቃት እዚሁ ነኝ።»

«ጥያቄው አልቋል።»

«እንግዲያው እጠብቃለሁ። ሰልፍ ላይ ነኝ።»

ሰልፉ ላይ አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። ኬሲ ግን አልሳቀችም። ወደ ሚስተር ታክሬይ ሄደች፤ ፊቷ እንደ ወትሮው ቀልቷል፣ የዚያን ዕለት ግን ቃል ወጣት።

«መስፍኑን ማን ገደለው ብለው ይጠይቁኝ። ወዳጁ ነው እላለሁ፤ ግን አይደለም። ከዚያ በፊት የሚነግሩትን ሁሉ አባርሮ ጨርሷል፣ ልጁን ራሱ። ደብዳቤው አልደረሳትም። ብትሰማ ትመጣ ነበር። ይሄ የትኛው ካርድ ላይ ነው ያለው? ለእነሱ መጽሐፍ ሰጧቸው፣ ወስደው አሳዩአቸው፤ ለእኛ ወረቀት! እኔ ቆሜ ነው ያየሁት፣ እስከ መጨረሻው። የሳቁትን እርስዎ አላቆሟቸውም። አባቴ ሰው ሲታረድ ዝም ብሎ ማየት ስላልቻለ ነው የሳቁት!»

ክሊፍ መዳፉን አፉ ላይ አድርጎ ተቀምጧል፤ ትከሻው ይንቀጠቀጣል።

ሚስተር ታክሬይ ሰልፉን አየ። ወላጆቹ እሱን እያዩት ነው፤ የአንደኛው ምድብ ወላጆችም አሉበት። ክራባቱን ነካ አደረገ። «እሺ» አለ በመጨረሻ። «ኬሲ ትፈተናለች። ልዩ ሁኔታ ነው።»

ከሰልፉ ውስጥ ፖሊን የምትባል የአውቶቡስ ሾፌር፣ ዩኒፎርሟን እንደለበሰች፣ «የኔስ ልጅ፣ ሊያም?» አለች። «እሱም እኮ ስሙ ወጥቷል። እሱም ትያትሩን አላየም።»

«እንዳልኩት ልዩ ሁኔታ ነው» አለና ገብቶ በሩን ዘጋ። ፖሊን እዚያው ቆማ ቀረች። እኛ ወደ ቤት ሄድን። ሦስታችንም ያን ጊዜ ወደ ኋላ አልዞርንም፤ ደስታ እንዲህ ያደርጋል።

ግንቦት ላይ ኬሲ ተፈተነች። ያን ዕለት ክሊፍ ከትምህርት ቤቱ ማዶ ያለው ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ ነበር። ሥራውን ለዚያ ቀን ሆን ብሎ እንዳዘገየው አውቃለሁ፤ እሱ ግን «አጋጣሚ ነው» ይላል። አብረውት የሚሠሩት ሰዎች ከጧት ጀምሮ አንድ ቃል ሳይወጣው ሲያዩ ታሟል ብለው ሰጉ። ገመድ ሲፈልግ በእጁ ያሳያል። መዶሻ ሲፈልግ ራሱ ይወርዳል።

ከፈተናው በኋላ ቺፕስና ዓሣ ገዝተን ቤታቸው በላን። ኬሲ እንዴት እንደነበር አልነገረችንም፤ እየበላች አንድ ጊዜ ብቻ አባቷን አይታ «ስላንተ ጻፍኩ» አለችውና ወደ ላይ ወጣች። ክሊፍ ሹካውን ይዞ ቀረ። ይስቃል ብዬ ስጠብቅ ፊቱ ጠቆረ።

«ከላይ ሆኜ ሌሎቹን አየኋቸው፣ እቴ።»

«የትኞቹን?»

«አምስተኛውን ምድብ። የፖሊንን ልጅ፣ ሁሉንም። ሌላው ሲፈተን እነሱን ቢጫ ሰደሪያ አልብሰው ሜዳው ላይ ቆሻሻ ያስለቅሟቸዋል። ያ ታክሬይ ከኋላቸው ቆሟል። ጎንበስ፣ ቀና፣ ጎንበስ፣ ቀና። አንዱም ወደ ፈተናው አዳራሽ አላየም።»

ቁጣዬ እንደገና ተቀጣጠለ፤ እስከ ዛሬም አልጠፋም። «ታዲያ ለምን አልጮህክባቸውም?» አልኩት። «አንተ? ከዚያ ጣሪያ ላይ? ከተማው በሙሉ በሰማህ ነበር!»

ክሊፍ ሳህኑን ገፋው።

«ልጄ እየጻፈች ነበራ» አለ።